አሥራ ሁለት እንቁላል

ሹዌክ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣ ነሐሴ።
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖም ብረቱ ያቃጥላል፣
ያነሳሁት መፍቻ ሁሉ ቆዳዬን ይጠይቃል።
የአቡ ሚሻሪ ዳትሰን አፏን ከፍታ ቆማለች፣
ሁለት በር፣ ስድስት ሲሊንደር፣
በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች።

የቴስታታውን ክዳን አነሳሁ፦
አሥራ ሁለት እንቁላል በአንድ ዘንግ ተሰክቶ፣
ጥቁር ዘይት ለብሶ፣ ጎን ለጎን ተኝቶ።
ጋሽ ድልነሳው፣ ቃሊቲ አውቶቡስ ጋራዥ፣
«አልቤሮካም» ይለው ነበር፣ ከጣልያን እንደወረሰው፤
እዚህ ሌላ ይሉታል፣ ቫርጊስ ደግሞ ሌላ፤
ብረቱ ለየትኛውም ስም አቤት አይልም፤
ይዞራል፣ ይገፋል፣
የገፋው ቫልቭ ይከፈታል፣ እሳቱ ይተነፍሳል።

ሦስተኛው እንቁላል ተሞልጧል።
የዘይት መርጫው ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኖበት
ስንት ዓመት በደረቁ ሲፈጭ
አፍንጫው ሄዷል፣ የጥፍር ያህል ጎድሎበት።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤
ሄዶ የት እንደሚደርስ ግን
ተረቱን የተረቱት አልነገሩኝም።
እኔ አገኘሁት፤ ከዘይት ቋቱ ሥር፣
ብልጭ የሚል ብናኝ ሆኖ።

አቡ ሚሻሪ አዲሱን ዘንግ በፎጣ ጠቅልሎ መጣ፣
ልጆቹ እንዳያዩበት ግራ ቀኝ እየቃኘ።
እንቁላሉ ሾጠጥ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣
ቫልቩን ከፍ የሚያደርግ፣ ከፍ አድርጎም የሚያቆይ።
እውነቱን ነገርኩት፦ «ከታች ጉልበት አይኖራትም፣
አራት ሺህ ዙር እስኪደርስ ትለግማለች፣
ሚኒሞ ላይ አርፋ አትቆምም፣
መብራት ላይ ወባ እንደያዘው ትንቀጠቀጣለች።»
ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው።
«ሠላሳ ዓመት ሚኒስቴር ውስጥ፣ ወንበር ላይ፣
በሚኒሞ ነው የኖርኩት» አለ።
(በአረብኛ ነው ያለው፤ ሚኒሞን የጨመርኩ እኔ ነኝ።)

ካቴናው እንዳይወድቅ መሐሉ ሽብልቅ ሰካሁ።
ያ ከሸሸ የፊት ክዳኑ ሊፈታ ነው፣ ሁለት ቀን፣ ያለ ክፍያ።
የጃፓን ሞተር፣ የአሜሪካ ዘንግ፣
ሁሉን የያዘው ከሙዝ ሣጥን የጠረብኩት እንጨት።
አሮጌውን በዝግታ ሳብኩ፣ አዲሱን ቅባት አጠጥቼ አስተኛሁ፤
አሮጌ ክንድ ለአዲስ እንቁላል አይሆንም፣ እሱንም ቀየርኩ።
ከዚያ ልኬት። ቀጭኗ ቆርቆሮ ስትገባ እሺ ትላለች፣
ስትወጣ ትንሽ ታመነታለች፤
ያቺን ማመንታት ጋሽ ድልነሳው በቃል አላስተማረኝም፣
እጄን ይዞ ነው።

ይህን ሁሉ አልፈራም። የምፈራው ሃያውን ደቂቃ ነው።
አዲስ እንቁላል መጀመሪያ ሲነሳ
ሁለት ሺህ ዙር ላይ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ሳያርፍ፣
ከባልንጀራው ብረት ጋር ይላመዳል፤
ቶሎ ካረፈ ዘይት አይደርሰውም፣ ይበላላል።
ተነሳች። ቆርቆሮው ጣሪያ ጮኸ። ቫርጊስ ጆሮውን ያዘ።
እጄ ጋዙ ላይ። በአራተኛው ደቂቃ
ስልኬ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ መብራት ጀመረ፦ ማስተዋል።
ልጄ፤ የስምንተኛ ክፍል ውጤት ዛሬ ነው።
መልቀቅ አልችልም።
አቡ ሚሻሪ እኔን አየ፣ ስልኩን አየ፣
ሳይጠይቅ አንስቶ ወደ አፌ አስጠጋው።
እኔ ጮኽኩ፣ እሷ ጮኸች፣ ሞተሩ ከሁላችንም በላይ።
«አባዬ፣ እዚያም ዝናብ ነው እንዴ?»
አዎ አልኩ። ምን ልበል?
«እዚህም!» አለች፤ ቁጥሩን ግን ስድስት ሲሊንደር በላው፣
ሰማንያ ይሁን ስልሳ አልሰማሁም።

ሲሞላ ለቀቅኩ። ሚኒሞው ወረደ፦
ዱግ… ዱግ ዱግ… ዱግ፣
እንደሚያነክስ ሰው፣ ግን ወደ ሰርግ እንደሚሄድ።
አቡ ሚሻሪ መሪውን ጨብጦ ዝም አለ፤
መስተዋቱ ውስጥ ፊቱ አብሮ ይንቀጠቀጣል።
ከዚያ ወጣ። አራት ሺሁን ሲያልፍ
ከአራተኛው ቀለበት መንገድ ድረስ ሰማሁት።

ዕቃ ስሰበስብ ሽብልቁ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሮ።
አሮጌውን ዘንግ ጥግ አቆምኩት፣
ሦስተኛውን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፣
እና ደወልኩ።
ተይዟል።
ደግሜ ደወልኩ።